ለሰርቨሩ የተተከለው ድንኳን

ኑ፣ ጠጋ በሉ። አንቺም ልጄ፣ ከፀሐዩ ወደዚህ ግቢ፤ ጥላው ለሁላችንም ይበቃል። ወሬዬ ረጅም አይደለም፣ ግን ቆመው የሚሰሙት አይነት ስላልሆነ እግራችሁን ዘርጉ። ከሚሴ ላይ ታሞ አገር ስለጠየቀው አንድ ማሽን ነው የምነግራችሁ። ሳቃችሁ ከመጣ ሳቁ፣ እኔም ብዙ ስቄበታለሁ። ያን ሰሞን ግን አልሳቅኩም፤ የልጄ ልጅ ከአጠገቤ ልትርቅ ነበርና።

ዕድሜዬን በሰንበቴ ገበያ የከብት ደላላ ሆኜ ነው የጨረስኩት። ጉልበቴ ሲደክም የቦርከና ከብት ነጋዴዎች ማህበር ኮሚቴ ውስጥ አስቀመጡኝ። ቢሯችን ከአስፋልቱ ዳር ናት፤ በውስጧ ሰርቨር የሚሉት ጥቁር ማሽን አለ። ተጋድሞ ሲያዩት የጤፍ ማዳበሪያ ያክላል፣ ቀን ከሌት ያጉረመርማል። ሰንበቴ፣ ባቲና ጨፋ ሮቢት የወጣውን ከብት መልኩንም ጥርሱንም ዋጋውንም ይይዛል። ባቲ ያለ ሰው ስልኩን ሲከፍት ሰንበቴ የቆመውን በሬ ከነሻኛው ያየዋል።

የማሽኑ ኃላፊ ነጅዋ ናት፣ የልጄ የዘይቱና ልጅ። ኮምቦልቻ ተምራ፣ ሌላ አገር ስራ ሞልቶላት፣ «እናቴን ትቼ የት እሄዳለሁ» ብላ የመጣች። ዘይቱና ከሷ ሌላ ልጅ የላትም። እኔም ከሁለቱ ሌላ ሰው የለኝም።

ታዲያ ይህ ማሽን እሁድ እሁድ ይወድቃል። እሁድ የሰንበቴ ገበያ ነው። ልክ ገበያው ሲሞቅ፣ ልክ ዋጋ ሲቆረጥ፣ ድርቅ ይላል። ገዢው ስልኩን እየነካካ፣ ሻጩ ገመዱን እንደያዘ፣ በሬው ሁለቱን እያየ ይቀራሉ። የማህበሩ ጸሐፊ አቶ ዘመድኩን ደግ ሰው ነው፣ ግን ስራ ሲጓተት ያመዋል።

«አዲስ አበባ ማሽን የሚያስቀምጡ ድርጅቶች አሉ» አለ። «እዚያ እንውሰደው። ነጅዋም አብራው ትሂድ።»

ሊቀመንበራችን ሀጂ ሙሀመድአሚን «ትንሽ ጊዜ እንስጣት» አሉ። እኔ ስወጣ ተሳስቼ የሌላ ሰው ጫማ አድርጌ ነው ቤት የደረስኩት።

ነጅዋን ጠየቅኳት። «ምኑን ነው የሚያመው?»

«ሜሞሪው ነው፣ አባባ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የሰንበቴን ሜዳ አስበው። ከብቱ የሚያድረው በረት ነው፤ ሲሸጥ ግን ሜዳ ላይ ይወጣል። ሜሞሪ ማለት ሜዳው ነው። የተሸጠው ሳይወጣ አዲስ እየገባ ከሄደ...»

«ይረጋገጣላ!»

«ይረጋገጣል። ሲረጋገጥ ይወድቃል።»

«ታዲያ ሜዳው መሙላቱን የሚያይ ዘበኛ የለውም?»

«ጠባቂ ፕሮግራምስ አለው፤ እሱ ግን የሚያየው ማሽኑ በርቷል ጠፍቷል የሚለውን ነው። የኛን ሜዳ አያውቀውም። የሰሩት ሰዎች ጎኑ ላይ ክፍት ቦታ ትተውለታል፣ የጎደለውን ራስህ ጽፈህ የምትሰካበት። ፕላጊን ይሉታል። የራሳችንን እጽፋለሁ፤ አብሽር።»

ጻፈችው። በየደቂቃው ሜዳውን ያያል፣ ሊሞላ ሲል ለሀጂ ስልክ መልእክት ይልካል። በሽታውንም ወዲያው ነገራት፤ ለካ የተሸጠ በሬ ፎቶ ከሜዳው አይወጣም ኖሯል። «አሁን አስወጣዋለሁ፣ አለቀ» ብላ ስትደሰት፣ በዚያው እሁድ ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። ሀጂ ምሳ ላይ ተቀምጠዋል። ስልካቸው ጮኸ፤ አነበቡት። «ሜሞሪ ዘጠና ከመቶ። አደጋ።» ሀጂ ደም ግፊት አለባቸው። ጉርሻው ጉሮሯቸው ላይ ቆመ፣ ልጆቻቸው ውሃ ይዘው ተሯሯጡ፣ ሰፈሩ ተሰበሰበ።

በማግስቱ ኮሚቴው ተጠራ።

«ነጅዋ፣ የኔ ሸጋ» አሉ ሀጂ፣ «መርዶ እንዲህ ይነገራል?»

«መርዶ አይደለም ሀጂ፣ ማስጠንቀቂያ ነው።»

«ሰላምታ የለ፣ ቢስሚላህ የለ፣ ሰው ምሳው ላይ ሳለ አደጋ ብሎ መጮህ! ምን አይነት ባለጌ ነው ያሳደግሽው?»

ሙሀመድኑር ቀጠለ። ሙሀመድኑር የቅሬያችን ዳኛ ነው፤ ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው። ድንኳኑም ቀብሩም በሱ እጅ ነው። «ደግሞ ለሀጂ ብቻ ለምን ይነገራል? ታማሚ መደበቅ ነውር ነው። ለአባሉ ሁሉ ይድረስ። ነገ አንድ ነገር ቢሆን፣ ሳንጠይቀው ቀረን ብለን እንቆጭ?»

«ማሽን እኮ ነው፣ ጋሼ ሙሀመድኑር።»

«ማሽን ቢሆንስ! የኛ አይደለም?»

«ለመሆኑ ታመመ የሚባለው ስንት ላይ ነው?» አሉ ሀጂ።

«ሰማንያ አምስት ሲያልፍ።»

«አይሆንም። ስልሳ ላይ ይነገረን። ከጠናበት በኋላ ቢጠይቁት ምን ያደርግለታል?»

«የገበያ ቀን ስልሳ ጤና ነው፣ ሀጂ...»

«ስልሳ።» ሀጂ ጣታቸውን አነሱ። «ደግሞ ሰላም ብሎ መልስ ሳይሰማ ጥሎ መሄድ የለም። እናንተስ አፊያ ናችሁ ብሎ ይጠይቅ፣ መልሱን ቁጭ ብሎ ይጠብቅ። አንቺ በደንብ ያደግሽ ልጅ ነሽ፤ እሱንም እንዳንቺ አድርጊው።»

ነጅዋ ወደኔ ዞረች። እኔም እውነታቸውን ነው ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩ፤ ሌላ ምን አውቄ።

እንደታዘዘችው ጻፈችው። በቀጣዩ እሁድ ረፋድ ላይ የአባሉ ሁሉ ስልክ ጮኸ። «አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እንዴት አረፈዳችሁ? ሁሉ ነገር አልሀምዱሊላህ ነው። ሰርቨራችን ትንሽ ደከም ብሎታል፣ አብሽሩ። እናንተስ አፊያ ናችሁ?» ከስር አድራሻ አለው፤ እሱን ሲነኩት ገጽ ይከፈትና ደግሞ ሰላም ብሎ የማሽኑን ሁኔታ በቁጥር ይናገራል።

እኔ ቢሮው ደጅ ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ የመጣችው ከአስፋልቱ ማዶ ቅቤ የምትሸጠው አሻ ናት፣ ብርቱካን በፌስታል ይዛ።

«አከም ነው? ፈያ ነው?» አለች ከሩቁ፤ እንዴት ነው፣ ደህና ነው ማለቷ ነው።

«ደከም ብሎታል ይላሉ» አላት ዘበኛችን ይግዛው።

«ምን ቀመሰ?»

«ከመብራት በቀር ምን ይበላል፣ እትዬ አሻ።»

«እሱ ነዋ! እንዲህ ባዶ ሆዱን አድርጋችሁት!»

ከሷ ኋላ ሌላው መጣ፣ ከሌላው ኋላ ሌላው። ሙዝ፣ እርጎ፣ የታሸገ ጁስ። እዚያች ጠባብ ክፍል ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ። አንዷ እጇን ጀርባው ላይ አድርጋ «ውይ፣ ትኩሳቱ!» አለች። ይህን ጊዜ አንድ ሰውዬ ጋቢውን አውልቆ ማሽኑን ከራሱ እስከ ግርጌው ሸፈነው። «ይላበው። ካላበው አይለቀውም።»

ነጅዋ ከወንበሯ ዘላ ጋቢውን ገፈፈችው። «ኧረ ወላሂ ታፍኑታላችሁ!»

«የዛሬ ልጅ» አለ ሰውዬው፣ ጋቢውን እየሰበሰበ፣ «ለታማሚ አያውቅበትም።»

ሰንበቴ ደግሞ የባሰ ነበር። ነጋዴው በአንድ እጁ ገመድ፣ በሌላው ስልክ። «ስንት ሆነ?» «ሰማንያ።» «ቅድም ሰባ አልነበር እንዴ? እስቲ ልየው» ይልና እሱም ይከፍታል። እሱ ሲከፍት ሰማንያ ሁለት ይሆናል፤ ይህን ሲሰማ ያኛው ይከፍታል። ከቆላ የመጡት አፋሮች ደግሞ ወሬ ሳይለዋወጡ መንገድ ላይ አይተላለፉም፤ ልማዳቸው ነው። ወሬውን ግመላቸውን እንደያዙ በስልክ ወደ ባቲ አሻገሩት። ባቲ ላይ ማህበራችንን የማያውቅ፣ በሬም የሌለው፣ ሊሸጥም ሊገዛም ያልመጣ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ የኛን ታማሚ ይጠይቅ ጀመር። ዘጠና። ዘጠና አራት። ዘጠና ስምንት።

ከዚያ ማጉረምረሙ ቆመ።

«ኢና ሊላሂ» አለች አሻ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

ለሙሀመድኑር ማን እንደደወለለት አላውቅም። ነጅዋ ገና ከጠረጴዛው ስር ገመድ ስትፈልግ፣ የቅሬው ድንኳን በባጃጅ ደረሰ። ከቢሮው ፊት ምሰሶ ቆመ፣ ሸራ ተዘረጋ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ።

«ዳኛው» አለ ይግዛው፣ እየፈራ፣ «ሰርቨሩ የቅሬው አባል ነው እንዴ?»

«ማህበሩ አባል ነው። ሰርቨሩ የማህበሩ ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ ይሸፈናል።»

«ቀብሩስ?»

ሙሀመድኑር ይህን አላሰበበትም። ሽማግሌዎቹ ይመካከሩበት ጀመር። አንዱ የብረት ነገር አይቀበርም አለ፣ አንዱ ደግሞ ቢያንስ ሰው ይቀመጥለት አለ። በዚህ መሀል ከውስጥ ጉርርር የሚል ድምፅ መጣ። ነጅዋ አስነስታዋለች።

 ሙሀመድኑር ምሰሶውን እንደያዘ ወደ በሩ አየ። «ድንኳን ከተተከለ በኋላ?» አለ። «እኔ እስከዛሬ ስሰራ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።»

አቶ ዘመድኩን ከሰንበቴ ሲመለስ ያገኘው ይህንኑ ነው፤ ድንኳን፣ አግዳሚ፣ የብርቱካን ልጣጭ። ምንም አልተቆጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በሚቀጥለው እሁድ ከወደቀ ሰኞ ይጫናል» አለ። «መኪና አነጋግሬያለሁ።» ሀጂም መሬት መሬቱን እያዩ ተስማሙ። ወሬው ዘይቱና ጋ ሲደርስ አላለቀሰችም። ወደ ገበያ ወጥታ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝታ መጣች። «አዲስ አበባ ይበርዳል ይባላል» አለችኝና ሌላ አልጨመረችም።

ሰኞ ነጅዋ ጠራችኝ፤ ስክሪኑ ላይ ረድፍ በረድፍ አሳየችኝ።

«እያቸው፣ አባባ። እነዚህ ሁሉ ፕላጊኑ እናንተስ አፊያ ናችሁ ብሎ ጠይቋቸው መልስ የሚጠብቅባቸው ናቸው። ሰዎቹ ስልካቸውን ዘግተው ሄደዋል፤ እሱ ግን እስካሁን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ለእያንዳንዱ ሰው ሜዳው ላይ ቦታ ይዟል።»

«ጠያቂው ነዋ የረጋገጠው!»

«ጠያቂውና ትህትናው። በሬዎቹን አስወጥቼ፣ ማሽኑ ድኖ ነበር እኮ። ድኖ ነው በጥየቃ የሞተው።»

መልስ የሰጡም ነበሩ። አንድ የጨፋ ሮቢት ሰው የላሙን ጡት ማበጥ፣ የአማቹን መኪና መገልበጥና መትረፍ፣ የዝናቡን መዘግየት ሁሉ ጽፎ፣ መጨረሻ ላይ «አንተስ?» ብሎታል። ፕላጊኑም እንደታዘዘው መልሶ ጠይቆታል። ሁለቱ ከእሁድ ጀምረው እስከ ሰኞ ገና ሰላምታ ላይ ነበሩ።

ነጅዋ ኮሚቴው ፊት ቀረበች። መልእክቱ ይቅር ብላ ለመነች። «ታሞ ሳይጠይቁት ቀሩ እንድንባል?» ብለው እምቢ አሉ። ገጹን ልዝጋው አለች። «በር መዝጋት!» አሉና ከፋቸው። እንግዲህ ጥየቃ አይከለከል፣ ማሽኑ ጠያቂ አይችል። ልጅቱ ስታስብ፣ ስትጽፍ፣ ስታጠፋ ሰነበተችና ረቡዕ ለት ራሷ ትኩሳት ያዛት።

ከዚያማ ምን ልንገራችሁ። ማሽኑን የጠየቀ አገር እሷን ይተዋታል? ጠዋት በራችን ሞላ። ዘይቱና በርጩማ አውጥታ መድረኩ ላይ ተቀመጠች። የመጣው ሁሉ «ነጅዋ እንዴት ናት?» ሲላት፣ «አልሀምዱሊላህ፣ ቁርስ ቀማምሳ አሁን ተኝታለች። በሉ ዱአ አድርጉላት» ትላለች። ሰው እጁን ይዘረጋል፣ ዱአ ያደርጋል፣ አሚን ብሎ ፊቱን ያብሳል፣ ይሄዳል። ከዱአ በኋላ ወሬ የለም፣ ይህን ታውቃላችሁ። ማንም ቅር አላለው፣ ማንም ካላየኋት አላለም።

ነጅዋ አልጋዋ ላይ ሆና በግድግዳው ትሰማለች። አንዲት ቃል ሳትጨመር ሳትቀነስ ለሁሉም ስትነገር ትሰማለች።

«እማዬ!» ብላ ተጣራች። «ዛሬ ስንት ጊዜ ገብተሽ አየሽኝ?»

«አንዴ፣ ጠዋት። ምነው?»

«ለስንት ሰው ነገርሽ?»

«ለመጣው ሁሉ ነዋ! ሁሉንም እየጎተትኩ ራስጌሽ ላቁማቸው እንዴ?»

ነጅዋ ከአልጋዋ ተነስታ እየሳቀች ጫማዋን ስትፈልግ፣ «ልጄን ትኩሳቱ ራሷ ላይ ወጣባት» ብላ ዘይቱና ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ሦስተኛውን ፕላጊን ጻፈች። ይኸኛው ሰርቨሩ ውስጥ አልተቀመጠም። ክዳኑ የተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ ነበራት፤ እሱ ላይ አድርጋ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠችው። በደቂቃ አንዴ ገብቶ ሰርቨሩን ይጠይቃል፣ መልሱን ይይዛል፤ ለመጣው ጠያቂ ሁሉ ያንኑ ይናገርና በዱአ ያሰናብታል። መልስ አይጠብቅም፣ አሚን ብሎ ይዘጋል። ሀጂ ግን ማሽን ዱአ ማድረጉ አላማራቸውም፤ የመስጊዱ አስተማሪ ኡስታዝ አብዱልጀባር ዘንድ ተኬደ።

ኡስታዝ ጺማቸውን እያሻሹ ጠየቁ። «ከዘመድ ደብዳቤ ሲመጣላችሁ፣ መጨረሻው ላይ ዱአ ተጽፎ ብታነቡ አሚን አትሉም?»

«እንላለን።»

«ወረቀቱ ነው ዱአ ያደረገው?»

«የጻፈው ሰው ነው።»

«ይኸም የልጅቱ ዱአ ነው። ሂዱ።»

እሁድ ደረሰ። ረፋድ ላይ መልእክቱ ወጣ። «አሰላሙ አለይኩም። እኔ የደጁ ጠባቂ ነኝ። ሰርቨራችን አሁን ስጠይቀው ስልሳ አንድ ነው፣ አፊያ ነው፣ እያረፈ ነው። አላህ አፊያችሁን አያሳጣችሁ፣ አሚን።»

ነጅዋ ይህ ሰውን ያረጋጋል ብላ ነበር። የኛን ሰው ረስታው! ሙሀመድኑር መልእክቱን ሲያነብ ፊቱ ተለዋወጠ። «አፊያ ነው አለ? እያረፈ ነው አለ? ወንድሜ የሞተ ለት እኔንም ደህና ነው እያሉ ነው ከባቲ ያመጡኝ!» ሌላውም እንደዚያው አሰበ። ሰንበቴ ላይ ካለፈው እሁድ ይልቅ ብዙ ስልክ ተከፈተ። ባቲም እንደዚሁ። ድንኳኑ እንደገና በባጃጅ መጣ። ከቢሮው ደጅ ሰው ሞላ፤ ከፊት ሀጂ ሙሀመድአሚን ራሳቸው፣ ከዘራቸውን ይዘው።

«ክፈቺልኝ፣ ልጄ» አሉ። «እውነቱን ንገሪን። በዓይኔ ልየው።»

ነጅዋ በሩ ላይ ቆመች። ሀጂ ከገቡ ሰው ሁሉ ተከትሎ እንደሚገባ፣ ክፍሉ እንደሚግል፣ ጋቢም እንደሚመጣ ታውቃለች። ይህ እሁድ ካመለጠ ሰኞ መኪናው አለ። የሀጂን ፊት ግን በዚህ አገር ማንም አልመለሰም። እግሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

«ሀጂ» አለች፣ በእናቷ ድምፅ፣ ወላሂ ቁርጥ በእናቷ ድምፅ፣ «አሁን አይገባም። ጠዋት አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው፣ እያረፈ ነው። በሉ ዱአ አድርጉለት።»

 ሀጂ አዩዋት፣ አዩዋት፤ ከዚያ ከዘራቸውን ለይግዛው ሰጡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። የደጁ ሰው ሁሉ ዘረጋ። ሙሀመድኑርም የድንኳኑን ገመድ ጥሎ ዘረጋ። ሀጂ ለማሽኑ ጤና፣ ለሰንበቴ በሬ፣ ለዝናብ፣ ለአገር ሰላም ለመኑ። አሚን ተባለ፣ ፊት ታበሰ። ከዱአ በኋላ ወሬ ስለሌለ ሰው አንድ በአንድ ወደ ጉዳዩ ሄደ።

እኔና ነጅዋ ውስጥ ገብተን ቁጥሩን ስናይ ዋልን። ስልሳ አራት። ስልሳ ሦስት። ስልሳ ስድስት። አገር ሁሉ ይጠይቃል፣ ላፕቶፑ ደጅ ሆኖ ይመልሳል፣ ታማሚው ውስጥ ሆኖ ስራውን ይሰራል። የአስር ሶላት አዛን ተባለ፣ ገበያው ተበተነ፣ ማጉረምረሙ አልቆመም።

አቶ ዘመድኩን ከሰንበቴ አቧራ ለብሶ ገባ። ስልኩ በእጁ ነው። ነጅዋ ቀና አላለችም። እኔ ጠየቅኩት።

«አንተም ጠየቅከው?»

«ጣቴ እስኪደነዝዝ» አለ። «አንዴም አልተሰላቸብኝም፣ አንዴም አልተኮሳተረብኝም።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አባ ሙህዲን፣ መኪናውን ሽንኩርት ለሚጭን ሰው ለቅቄዋለሁ። ማሽኑ እዚሁ ይሁን። እሷም እዚሁ ትሁን።»

ነጅዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ ለዘይቱና ልነግራት ወጣሁ፤ የጉልበቴ ድካም የት እንደሄደ አላውቅም፣ መንገዱን በሩጫ ነው የጨረስኩት።

አሁንማ ሰርቨሩ ታሞም አያውቅም፣ ሰው ግን መጠየቁን አልተወም፤ እኔም ጠዋት ተነስቼ ሳልጠይቀው ሻይ አልቀምስም። ልጆቼ፣ አንድ ነገር ብቻ አደራ። ሰው ሲታመም ሂዱ፣ አትቅሩ፤ ደጅ ላይ የተቀመጠችውን ግን እመኗት፣ ዱአችሁን አድርጋችሁ ተነሱ። ይህን ስታደርጉ፣ እዚያ በር ላይ እግሯ እየተንቀጠቀጠ የቆመችውን የልጄን ልጅ አስታውሱልኝ።